የአደባባይ መብራት የማን ነው?

በአገራችን ከተሞች አደባባዩና መናፈሻው ማታ ማታ ኅብረ ቀለም ባለው መብራት ማጌጥ ከጀመረ ወዲህ አንድ ጥያቄ ከሰው አፍ አልጠፋም። ጥያቄውም «በቤቱ መብራት ለሌለው ሰው የአደባባይ መብራት ምን ይረባዋል?» የሚል ነው። ይህን የሚጠይቀውን ሰው አንዳንዶች ምቀኛ፣ ሌሎችም ሥልጣኔ ያልገባው ይሉታል። እኛ ግን ጥያቄው የሕሊና ጥያቄ መስሎ ስለሚታየን በስድብ ሳይሆን በምክንያት መመለስ አለበት እንላለን። በአዲስ አበባ በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ወደ ክልል ከተሞች ሲዛመት ለደሴና ለኮምቦልቻም ስለ ደረሳቸው፣ ነገሩን በወሎ ምድር ላይ ቆመን ብንመለከተው ይሻላል። ወሎ ብርሃኑንም ጨለማውንም በሚገባ የሚያውቅ አገር ነውና።

ከብርሃኑ እንጀምር። ደሴ ስሟን ያገኘችው በነጻ ከታየ ብርሃን ነው ተብሎ ይተረካል። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በዚያ አካባቢ ሰፍረው ሳለ ጅራታም ኮከብ በሰማይ ታየቻቸው፤ እሳቸውም እንደ መልካም ምልክት ተቀብለው ቦታውን «ደሴ»፣ ማለት «ደስታዬ» አሉት ይባላል። ስያሜው የትውፊት ነገር ቢሆንም ኮከቢቱ ግን ተረት አይደለችም። በመስከረም 1875 ዓ.ም. የታየችው ያች ጅራታም ኮከብ በቀትር ከፀሐይ አጠገብ በዓይን እስክትታይ ድረስ የደመቀች ነበረች። በአፍሪካ ደቡባዊ ጫፍ፣ በኬፕ ከተማ የነበረው የከዋክብት ተመራማሪ ዴቪድ ጊል በዚያው ዓመት ፎቶግራፏን ቢያነሣ፣ ከኋላዋ ያሉት ከዋክብት ሁሉ በፎቶግራፉ ላይ ጎልተው ወጡለት፤ ከዚያም የደቡቡን ሰማይ በፎቶግራፍ የመመዝገብ አሳብ መጣለት። አንዱ ብርሃን ለአንዱ የከተማ ስም፣ ለሌላው የሰማይ ካርታ ሆነ ማለት ነው። የስንቱ እረኛ፣ የስንቱ ወታደር ዓይን ያለ ክፍያ እንደ ጠገበባት ግን የጻፈ የለም።

የሰማይ ብርሃን ባለቤት ስለሌለው ክርክር አያስነሣም። ማንም አልገዛውም፤ ማንም ከማየት አልተከለከለም። የአደባባዩ መብራት ግን እንዲህ አይደለም። ምሰሶው በገንዘብ ተገዝቷል፤ ሽቦው በሰው እጅ ተዘርግቷል፤ ኃይሉም ከሩቅ ግድብ ተስቦ መጥቷል። «በነጻ ነው» ብንልም ነጻ ያሰኘው ተመልካቹ በበሩ ላይ ቲኬት አለመቁረጡ ብቻ ነው። ዋጋውንማ መምህሩ ከደመወዙ፣ ነጋዴው ከትርፉ፣ ባላገሩ ከመሬት ግብሩ አስቀድመው ከፍለውታል። ስለዚህ ማዘጋጃ ቤት መብራት ተክሎ «ለሕዝብ በነጻ ሰጠን» ሲል፣ ሰጪውና ተቀባዩ አንድ ሰው መሆኑ እንዳይረሳ ያስፈልጋል።

በዚህ ላይ ቋንቋችን ራሱ አንድ ነገር ይጠቁመናል። «በነጻ» ስንል ያለ ዋጋ ማለታችን ነው፤ «ነጻ ሰው» ስንል ግን ማንም የማያዝበት ማለታችን ነው። አንድ ነገር ያለ ዋጋ ሊታይ ይችላል፤ ተመልካቹ ግን በነጻነት ላይመለከተው ይችላል። ዘበኛው ጫማውን አይቶ የሚያስገባው ወይም የሚመልሰው፣ «እዚህ መቆም ክልክል ነው» እየተባለ የሚነዳ ሰው፣ ቲኬት ባይቆርጥም ነጻ ተመልካች አይደለም። እኛ ሁለተኛው ነጻነት ከመጀመሪያው ይበልጣል ባዮች ነን።

እንግዲህ ከባዱን ነገር እናንሣ። ኤሌክትሪክ ወደ አገራችን በገባ ጊዜ፣ በ1890 ዓ.ም. ገደማ፣ በመጀመሪያ የበራው በዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎም ከሕዝባችን ግማሽ ያህሉ በቤቱ ኤሌክትሪክ አልገባለትም። በወሎ ተራሮች ላይ ዛሬም በኩራዝ የሚያመሽ ቤት አለ። ለዚህ ሰው የውኃ ፏፏቴ ከሥሩ ሰማያዊና ቀይ መብራት እየተፈራረቀበት ሲወረወር ብናሳየው ምን ይለን ይሆን?

ወሎ ይህን ጥያቄ በዋዛ አይጠይቅም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰማንያኛ ዓመት የልደት በዓል በሐምሌ 1964 ዓ.ም. በታላቅ ድግስ ተከበረ። በቀጠለው ዓመት በወሎ ረኃቡ ጸንቶ ሰው በየመንገዱ ዳር ይወድቅ ጀመር። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በወሎ ያነሣው ፊልም ከድግሱ ሥዕሎች ጋር ተቀናብሮ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ፤ በማግሥቱም ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ፊልሙን ለፖለቲካ ያቀነባበሩት ሰዎች የራሳቸው ዓላማ ነበራቸው፤ በኋላ በእነርሱም ዘመን፣ በ1977 ዓ.ም.፣ ወሎ ዳግመኛ ተራበ፤ በዚያው ዓመት መባቻ ደግሞ አሥረኛው የአብዮት በዓል በአደባባይ በድምቀት ተከብሮ ነበር። ሁለቱ አገዛዞች በብዙ ነገር የማይገናኙ ሲሆኑ በዚህ አንድ ነገር ተገናኙ።

ከዚህ የተነሣ «በድኻ አገር ያጌጠ ነገር ሁሉ ኃጢአት ነው» የሚል ሰው ይኖራል። እኛ ግን እስከዚያ አንሄድም። በእነዚያ ዓመታት ጥፋት የሆነው ሻማ መብራቱ ብቻ አልነበረም፤ ብርሃኑ እንደ መጋረጃ ማገልገሉ ነበር። የተራበውን እንዳናይ ዓይናችንን ወደ ሌላ ዘንድ አዞረው። ድግሱ ባይደገስ እንኳ ረኃቡ ተሸሽጎ ከነበረ በደሉ ያው በደል ነው። መብራት ጨለማውን የሚሸፍን ሲሆን አንድ ነገር ነው፤ ሰውን ከጨለማ አውጥቶ በአንድነት የሚያቆም ሲሆን ግን ሌላ ነው። ታዲያ ይህን ከዚያ በምን እንለየዋለን?

መልሱን ከሩቅ መፈለግ አያሻንም፤ በየዓመቱ በደጃችን ይቃጠላልና። ደመራ በአገራችን ከሁሉ የቆየው የአደባባይ ብርሃን ነው። እንደየአገሩ ልማድ በመስቀል ዋዜማ ምሽት ወይም በዕለቱ ማለዳ ይለኮሳል። ንግሥት እሌኒ በዕጣኑ ጢስ ተመርታ መስቀሉን አገኘች የሚለው ትውፊት ለወሎ ሰው የቅርብ ነገር ነው፤ የመስቀሉ ግማድ አርፎባታል የምትባለው ግሸን ደብረ ከርቤ በአምባሰል ናትና። የመስቀል በዓል በ2006 ዓ.ም. በዩኔስኮ ከዓለም ቅርሶች ጋር ሲመዘገብ ብዙዎቻችን ደስ ብሎናል። እኛን ግን ከመዝገቡ ይልቅ የሚያስደንቀን የእንጨቱ ነገር ነው። ደመራውን አንድ ባለጸጋ ገዝቶ አያቆመውም። እያንዳንዱ ቤት ችቦውን ይዞ ይመጣል፤ የባለጸጋው ችቦ ከድኻው ችቦ ጋር ይደገፋል፤ እሳቱ ከተያያዘ በኋላ ግን የማን እንጨት የቱ እንደ ሆነ የሚለይ የለም። ባለቤቱ በጨለማ ቤት የሚኖር ሰው ሊሆን ይችላል። ሆኖም በዚያች ሰዓት «ይህ ብርሃን ምን ይረባኛል?» ሲል አልሰማነውም። ለምን ቢሉ፣ ተመልካች ብቻ ሳይሆን ባለ እሳትም ስለሆነ ነው።

እንዲህ ያለው ነገር የእኛ ብቻ አይደለም። በፈረንሳይ አገር በሊዮን ከተማ በየዓመቱ የሚደረገው የብርሃን በዓል ዛሬ ከየአገሩ በሚመጡ ተመልካቾች የሚጥለቀለቅ፣ ሠዓሊዎችና መሐንዲሶች ግንቡን ሁሉ በኤሌክትሪክ ሥዕል የሚያስጌጡበት ነው። አጀማመሩ ግን ሌላ ነበር። በኅዳር 1845 ዓ.ም. በኮረብታው ላይ የቆመው የእመቤታችን ሐውልት በሚመረቅበት ቀን ዝናብና ነፋስ መጥቶ በዓሉ ሊታጎል ሲል፣ ወደ ማታ ሰማዩ ቢጠራ የከተማው ሰው ማንም ሳያዘው በየመስኮቱ ሻማ አበራ። ያን ያህል ከተማ ያበራው ከየቤቱ የወጣ አንዳንድ ሻማ ነበር።

ኤሌክትሪክ በመጣበት ዘመን ችቦ መደገፍ ይቻላል ወይ? የሚለን ሰው ቢኖር፣ ማታ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ ሐረጎ ላይ ጥቂት ቆም እንዲል እንመክረዋለን። ደሴ በጦሳ ሥር በብርዱ ውስጥ ቀርታ፣ ኮምቦልቻ በቆላማው ሜዳ ላይ በታች ተዘርግታ ትታያለች። በዚያ የሚታየውን የብርሃን ብዛት ማንም ሠዓሊ አላዘጋጀውም። አንዱ መብራት የሌሊት ተራ የደረሰው የፋብሪካ ሠራተኛ የሚሠራበት ነው፤ አንዱ የሱቅ ነው፤ አንዱ የታመመ ልጅ የምታስታምም እናት ያበራችው ነው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክም የራሱን ጨምሮበታል። ሁሉም ለየሥራው ያበራው ሲደመር፣ ከላይ ለሚያየው መንገደኛ በነጻ የተሰጠ ውበት ይሆናል።

ይኸው ሜዳና ይኸው ተራራ የጠፋባቸውም ጊዜ አለ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን በደረሰባቸው ጊዜ፣ ከጥቅምት ማለቂያ እስከ ኅዳር ማለቂያ፣ ኤሌክትሪኩም ስልኩም ተቋርጦ ከተሞቹ በጨለማ ሰነበቱ። ያን ጨለማ ያየ ሰው መብራት ጌጥ ነው ወይስ ግዴታ ነው እያለ ብዙ አይከራከርም። በአገራችን የጠፋ መብራት ሲመለስ ልጆች በየሰፈሩ «መጣ!» ብለው ይጮኻሉ። መብራቱ ገና ምንም ሥራ አልሠራላቸውም፤ ደብተር አልገለጡበትም፤ ሆኖም ደስታው ከጥቅሙ ቀድሞ ይደርሳል። በአደባባይ መብራት ሥር ተቀምጦ ለፈተና ያጠና ተማሪም በአገራችን ጥቂት አይደለም። የድኻ ቤት እንግዳ መቀበያ ክፍል የለውም። ልጁን ለብሶ የሚያወጣበት፣ ከሚስቱ ጋር ተቀምጦ የሚያወራበት አዳራሹ መናፈሻው ነው። ከባለጸጋው ይልቅ የአደባባይ መብራት የሚያስፈልገው እሱ ነው እንድንል ያስደፈረን ይኸ ነው።

በደሴ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የግብር አዳራሽ ስሙ «አይጠየፍ» መባሉን አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። ስሙ የተሰጠው ድኻውንም ጌታውንም ሳይጠየፍ ስለሚያስተናግድ ነው ይባላል። በዘመኑ ግብር ላይ አቀማመጡ በማዕርግ እንደ ነበረ አልዘነጋንም፤ የፊተኛውና የኋለኛው ተራ እኩል አልነበረም። ሆኖም አንድ ንጉሥ አዳራሹን በዕንቁ ወይም በወርቅ ሳይሆን ሰውን ባለመጠየፍ መጥራቱ ቀላል ነገር አይደለም። ዛሬ መናፈሻ የሚያሠራ ሹም ከዚህ ስም የሚማረው አለ። በቃል ብቻ ለሁሉ ክፍት ማለት አይበቃም፤ አግዳሚ ወንበር በበቂ ካልተደረገ፣ የውኃ መጠጫና መጸዳጃ ቤት ካልኖረ፣ ዘበኛው የገጠር ልብስ ለለበሰ ሰው ፊቱን የሚያጠቁር ከሆነ፣ መናፈሻው ተጠይፏል።

ደግሞ ሌላ በደል አለ፤ እሱም የተመልካቹ ነው። አዲስ የተተከለ አምፑል በድንጋይ ሲሰበር፣ ሽቦው ተቆርጦ ሲሸጥ አይተናል፣ ሰምተናል። ሰባሪው «የመንግሥት ነው» ይላል። ይህ ሰው ደመራ ላይ ድንጋይ ሲወረውር ግን አናየውም፤ እዚያ ችቦው አለበትና። በመጋቢት 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ተጥሎ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በተመረቀው የሕዳሴ ግድብ መምህሩ፣ ወታደሩ፣ የቤት ሠራተኛይቱ ሳይቀሩ ቦንድ ገዝተዋል። ግድቡን «የእኔ ነው» የሚለው ሰው መብዛቱም ከዚያ የመጣ ነው። መምህራን ይህን በክፍል ውስጥ ቢያነሡት ጥሩ ነው፤ ቀረጥም ችቦ መሆኑን ለልጅ ማስረዳት አያስቸግርም። ሹማምንቱም በበኩላቸው ምሰሶው ስንት እንደ ወጣበት፣ የቱ ሰፈር ቀድሞ የቱ እንደሚከተል ለሕዝቡ በግልጥ ቢነግሩት፣ ሕዝቡ ችቦው የት እንደ ቆመ ያያል።

ከሁሉ በላይ ግን እኛን የሚያሳስበን በመንገዱ ዳር በሻማ ብርሃን በቆሎ እሸት እየጠበሰች ስትሸጥ የነበረች ባለ ጉልት ናት። መንገዱ ሲሰፋና ምሰሶው ሲተከል መጀመሪያ የምትነሣው እሷ ናት። ያ ሁሉ ብርሃን በርቶ እሷ ወደ ጨለማው መንደር ከተገፋች፣ ከግብር ከፋዩ ሁሉ ይልቅ ከባዱን ዋጋ የከፈለችው እሷ ሆነች፤ ማታ ልጆቿን ይዛ «በነጻ» ልታይ ብትመጣም የምታየው የራሷን ቦታ ነው። ስለዚህ የደሴም ሆነ የኮምቦልቻ ማዘጋጃ ቤት የመናፈሻና የመንገድ ዳር መብራት ሥራ ሲያቅድ፣ አበባው የሚተከልበትን ቦታ በሚለካበት ሜትር ለባለ ጉልቶች የሚሆነውንም ቦታ በዚያው ፕላን ላይ፣ በዚያው መብራት ሥር፣ ለክቶ ቢያስቀምጥ፣ ከምረቃውም ቀን አስቀድሞ ቢያስረክባቸው እንወዳለን። ዋጋው ከአንድ ፏፏቴ ዋጋ የሚበልጥ አይመስለንም።