ሳያውቁ መምረጥ፦ የጀማሪ የቤት ሽያጭ ወኪል የመጀመሪያ ድርጅትና የታማኝነት ጥያቄ

አንድ ሰው ገና የማያውቀውን ሙያ የሚያስተምረውን መምህር በምን ሚዛን ሊመርጥ ይችላል የሚለው ጥያቄ በፍልስፍና ታሪክ ውስጥ ጥንታዊ ነው። ፕላቶ «ፕሮታጎራስ» በተሰኘው ድርሰቱ ሂፖክራጥስ የሚባል ወጣት ገና ሳይነጋ ወደ ሶቅራጥስ መጥቶ፣ ዝናው ከገነነው መምህር ከፕሮታጎራስ ጋር እንዲያገናኘው ሲማጸነው ያሳያል። ሶቅራጥስም ከገበያ የተገዛ ምግብ በዕቃ ተይዞ ቤት ከደረሰ በኋላ፣ ከመበላቱ በፊት ሊመረመር እንደሚችል፣ ትምህርት ግን ከተቀበሉት ቅጽበት ጀምሮ በነፍስ ውስጥ እንደሚያድርና ጥቅሙም ሆነ ጉዳቱ አብሮት እንደሚገባ ያስጠነቅቀዋል። ይህ ማስጠንቀቂያ ዛሬ በአሜሪካ የቤት ሽያጭ ወኪልነት ፈቃድ አውጥቶ የመጀመሪያ ድርጅቱን ለሚመርጥ ሰው እንደ አዲስ የተነገረ ያህል ይሠራል፤ በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ በዚህ ሙያ ለተሰማሩት ኢትዮጵያውያን ደግሞ ወደ ኋላ በሚገለጸው ምክንያት ክብደቱ ይበልጣል።

በአሜሪካ ግዛቶች ሕግ የሽያጭ ወኪል ማለት ቤት የሚሸጡ ወይም የሚገዙ ሰዎችን እንዲወክል ፈቃድ የተሰጠው ሰው ሲሆን፣ ፈቃዱ ግን ብቻውን አያሠራውም። ከፍ ያለ ፈቃድ ባለውና የወኪሎቹን ሥራ የመቆጣጠር ግዴታ በተጣለበት ብሮከር ሥር መመዝገብ አለበት፤ የአገልግሎቱንም ክፍያ፣ ማለትም ኮሚሽኑን፣ የሚቀበለው በዚሁ ብሮከር በኩል ነው። ፈቃዱን ለማግኘት ከፈተናው በፊት በቨርጂኒያ የ60፣ በቴክሳስ የ180 ሰዓት ትምህርት ይጠየቃል። በእነዚህ ሰዓታት ውስጥ ስለ ንብረት ባለቤትነት፣ ስለ ውልና ስለ ብድር ብዙ ይማራል፤ ቤቱን ወድዶ የጨረሰን ቤተሰብ ከመፈረም እንዴት ማስቆም እንደሚገባ ግን የሚማረው በገባበት ድርጅት ውስጥ፣ አንጋፋዎቹ ሲያደርጉት ወይም ሳያደርጉት ሲቀሩ በማየት ነው።

ጀማሪው ድርጅት ሲመርጥ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ክፍፍል ነው፤ ክፍፍል የሚባለው ከአንድ ሽያጭ የተገኘው ኮሚሽን ለወኪሉና ለድርጅቱ የሚዳረስበት መጠን ነው። ግማሽ በግማሽ የሚያካፍሉ አሉ፤ ለወኪሉ የሚበዛውን የሚተዉም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1973 በዴንቨር የተመሠረተው ሪማክስ ደግሞ ወኪሉ ኮሚሽኑን ከሞላ ጎደል ለራሱ አስቀርቶ የቢሮውን ወጪ እንዲጋራ በሚያደርግ አሠራር ታውቋል። ጉዳዩ የገንዘብ ብቻ ይመስላል፤ ሆኖም የክፍያው ዓይነት በኅሊና ላይ የሚያሳድረው ጫና በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። ወኪሉ በአብዛኛው በግብር ሕግ ፊት ደመወዝተኛ ሳይሆን ራሱን ችሎ የሚሠራ ተዋዋይ ስለሆነ፣ ሽያጭ እስኪፈጸም ድረስ ገቢ የለውም። ስለዚህ ቢሸጥም ባይሸጥም በየወሩ የሚከፍለው የቢሮ ወጪ ያለበት ጀማሪ፣ የቤቱ መሠረት መሰንጠቁን ባየ ጊዜ ገዢውን «ይህ ቤት ይቅርብዎ» ብሎ ለመምከር ከራሱ ዕዳ ጋር መታገል ይኖርበታል። ከተፈጸመ ሽያጭ ላይ ብቻ የሚወስድ ድርጅት እርግጥ እሱም ሽያጩን መፈለጉ አይቀርም፤ ነገር ግን ትልቅ ድርሻ ቢያስቀርም እንኳ ጀማሪው እውነቱን ተናግሮ ወሩን የሚያልፍበት ፋታ ይሰጠዋል። ከፍተኛውን መቶኛ የሚሰጠው ድርጅት ለጀማሪ የተሻለ ነው የሚለው ስሌት፣ በሒሳብ ትክክል ሲሆን እንኳ፣ በግብረ ገብ ረገድ ብዙ ጊዜ ስሕተት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

አሪስቶትል ስለ ሥነ ምግባር በጻፈው መጽሐፍ በጎነት በተደጋጋሚ ተግባር የሚገነባ ልማድ መሆኑን ሲያስረዳ፣ ግንበኛ በመገንባት ግንበኛ እንደሚሆን፣ በመልካም የገነባ መልካም፣ በክፉ የገነባም ክፉ ግንበኛ ሆኖ እንደሚቀር ይናገራል። የዚህ አስተሳሰብ አስፈሪ ጎን በራሱ በሙያው ታሪክ ውስጥ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1908 በቺካጎ የተመሠረተው የሙያው ብሔራዊ ማኅበር በ1913 የሥነ ምግባር ደንብ አወጣ። በ1924 በተሻሻለው ደንብ 34ኛ አንቀጽ ደግሞ ወኪል መገኘታቸው የአካባቢውን የቤት ዋጋ ይቀንሳል የሚባሉ የአንድ ዘር ወይም ዜግነት ሰዎችን ወደዚያ ሰፈር እንዳያስገባ ታዘዘ። ዘርን የሚጠቅሰው አነጋገር ከደንቡ የተሰረዘው በ1950 ሲሆን፣ አድልዎው በፌዴራል ሕግ የተከለከለው በ1968 ነው፤ ማኅበሩም በ2020 ይቅርታ ጠይቋል። በ1924 ሥራ የጀመረ ቅን ወጣት እንግዲህ በደልን የተማረው በሥነ ምግባር ስም፣ በተከበሩ ሰዎች አፍ ነበር። የድርጅት ዝናም ሆነ የተጻፈ ደንቡ ለጀማሪው ኅሊና በቂ ዋስትና እንደማይሆን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ ማግኘት ያዳግታል።

የኢትዮጵያውያኑ ጉዳይ ከዚህ ላይ ይነሣል። ብዙ ድርጅቶች ለጀማሪ ከሚሰጡት የመጀመሪያ ሥራዎች አንዱ የሚያውቃቸውን ሰዎች ዝርዝር አዘጋጅቶ እንዲደውልላቸው ማድረግ ነው። ለስደተኛ ይህ ዝርዝር የእድርተኛው፣ የማኅበርተኛው፣ የአበልጁ፣ በቤተ ክርስቲያን ወይም በመስጊድ የሚያገኘው ሰው ሁሉ ነው፤ በውስጡም እንግሊዝኛውን ውል ራሳቸው ማንበብ የማይችሉና «ልጃችን ካለ ይበቃል» ብለው የሚፈርሙ ይኖራሉ። ይህን እምነት መተዳደሪያ ማድረግ በራሱ ነውር ነው ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ባለሙያ ሁሉ የሚጀምረው ከሚያውቁት ሰዎች ነው። ሆኖም እነዚህ ሰዎች ያመኑት ሰውየውን እንጂ ድርጅቱን ስላይደለ፣ ጀማሪው ድርጅት ሲመርጥ ለእነርሱም ይመርጣል፤ ስሕተቱ በእርሱ ላይ ብቻ አያርፍም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ ወኪል ለወካዩ ፍጹም ቅን እንዲሆንና የእርሱን ጥቅም ብቻ እንዲጠብቅ ሲያዝዝ፣ የአሜሪካም የውክልና ሕግ ከሚያውቀው የታማኝነት ግዴታ ጋር ይገናኛል።

ሙያውን የማያውቅ ሰው የመምህሩን ችሎታ መመዘን ባይችልም፣ ጥቅምና ግዴታ ሲጋጩ መምህሩ የቱን እንደሚያስቀድም ግን ማየት ይችላል፤ የሶቅራጥስ እንቆቅልሽ በከፊል የሚፈታው እዚህ ላይ ነው። አንድ ወኪል ሻጭንና ገዢን በአንድ ሽያጭ አብሮ መወከሉ እንደ ኮሎራዶ ባሉ ግዛቶች የተከለከለ፣ በሌሎች በርካታ ግዛቶች ግን በጽሑፍ ፈቃድ የሚፈቀድ ነው፤ በሚፈቀድበት ቦታ ብሮከሩ ይህን እንደ ድርብ ገቢ ወይስ እንደ አደጋ እንደሚያየው መጠየቅ ብዙ ይገልጣል። ከኦገስት 17 ቀን 2024 ጀምሮ የሙያው ብሔራዊ ማኅበር አባላት ለገዢ ቤት ከማሳየታቸው በፊት ክፍያቸውን የሚገልጽ የጽሑፍ ስምምነት መያዝ ስላለባቸው፣ ድርጅቱ ጀማሪዎቹ ይህን ወረቀት እንዲያስረዱ ነው ወይስ ቶሎ እንዲያስፈርሙ ብቻ የሚያሠለጥናቸው የሚለውም እንዲሁ። ከሁሉ ይልቅ ግን ሳይጠየቅ ሊታለፍ የማይገባው የመለያየት ጉዳይ ነው፤ የውክልና ውሎቹ በሕግ የብሮከሩ ስለሆኑ፣ ጀማሪው መሳሳቱን አውቆ ቢወጣ በእርሱ ምክንያት የመጡት ደንበኞች እርሱ ለቅቆ በወጣበት ድርጅት ሊቀሩ ይችላሉና፣ ብሮከሩ በዚያን ጊዜ ይለቅቃቸው እንደሆነ ወይም ይዟቸው ይቀር እንደሆነ ጀማሪው ከመፈረሙ በፊት በጽሑፍ ማረጋገጥ አለበት።