ቀበሮው በጭላዳዎች መካከል

ልጆቼ፣ ካሜራችሁን አንግታችሁ ወደ ተራራና ወደ ሐይቅ ዳር ስትወጡ ሳይ ደስ ይለኛል። ያነሳችሁትን ይዛችሁ ስትመጡ ግን ጥያቄያችሁ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ጋሼ፣ የትኛውን ሌንስ ልግዛ?» እመልስላችኋለሁ፤ አስቀድሜ ግን ስለ አንድ ቀበሮ ላውጋችሁ።

መንዝ ጓሳ ላይ ጭላዳዎች በመንጋ ሣር ሲግጡ ቀይ ቀበሮ መካከላቸው ይገባል። ውሻ ቢሆን ኖሮ ከሩቅ ሲያዩት ወደ ገደሉ በሮጡ ነበር። ከቀበሮው ግን አይሸሹም። ቀስ ብሎ ይራመዳል፤ ግልገሎቻቸው አጠገቡ ሲቦርቁ ዞር ብሎ አያያቸውም። የመጣው ለአይጥ ነው። ይህን ያጠኑ ተመራማሪዎች እንደመዘገቡት ቀበሮው ብቻውን ሲያድን የሚቀናው ከሙከራው 25 በመቶ ያህል ሲሆን፣ በጭላዳዎች መካከል ግን 67 በመቶ ያህል ይቀናዋል። የማያስደነግጥ ሰው የሚያገኘውን ሩጫ አያስገኝም።

እኔ ይህን የተማርኩት በስሕተት ነው። ባሌ፣ ሳነቴ ላይ፣ አንድ ቀበሮ የፍልፈል ጉድጓድ አፍ ላይ አድፍጦ አገኘሁ። ከመኪና ዘልዬ ወርጄ ወደ እሱ ሮጥኩ። ቀና ብሎ አየኝና ጉድጓዱን ትቶ ሄደ። ፎቶው ጥርት ብሎ ወጣ፤ ጓደኞቼም አደነቁት። እኔ ግን ባየሁት ቁጥር የሚታየኝ ያስጣልኩት ምግብ ነው። በዓለም ላይ 500 ገደማ ብቻ ከቀሩት አንዱን ጾሙን ሰደድኩት።

ስለዚህ ፎቶአችሁን ስትመርጡ መጀመሪያ እንስሳው ምን እያደረገ እንደሆነ ተመልከቱ። በራሱ ጉዳይ ተጠምዶ ከሆነ ያዙት። እናንተ ላይ እያፈጠጠ ከሆነ ከልክ በላይ ተጠግታችኋል።

ላለማስደንገጥ ጠባዩን ማወቅ ያስፈልጋል። ቀይ ቀበሮ የሚበላቸው አይጦችና ፍልፈሎች በቀን ስለሚወጡ እሱም የሚያድነው በቀን ነው፤ በሌሊት ብርድ መንገላታት የለባችሁም። ጭላዳ ገደል ላይ ያድራል። ጠዋት ወደ ሜዳው ሲወጣ መንጋው ለግጦሽ ሳይበተን ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቃል፣ እርስ በርስም ጠጉር ይፈታተሻል። ከሁሉ የሚያምረው ሰዓት ያ ነው። ወንዱ ቅንድቡን ወደ ላይ ስቦ ፈዛዛውን የዓይን ቆቡን ካሳያችሁ ግን ማስጠንቀቂያ ነውና ወደ ኋላ በሉ።

አሁን ወደ ሌንሱ። ሰው ለለመደ ጭላዳ 100 ሚሊሜትር እንኳ ይበቃል፤ ለቀበሮና ለወፍ ከ300 ሚሊሜትር ያላነሰ ያስፈልጋል። ርቀትን የምታከብሩት በእሱ ነው። ቁጭ በሉ፤ ካሜራው ከእንስሳው ዓይን ትክክል ይሁን፣ ፎከሱም ዓይኑ ላይ። ለሚሮጥ እንስሳ ሹተሩን 1/1000 ሰከንድ፣ ለሚበር ወፍ 1/2000 አድርጉት። ጥቁር ጠጉር ያለው ጭላዳ ፍሬሙን ሲሞላው ካሜራው ጨለማ መስሎት ብርሃን ይጨምራል፤ ጠጉሩ አመድ ይመስላል፣ የደረቱም ቀይ ይደበዝዛል። ብርሃኑን አንድ ደረጃ ቀንሱለት። ዝዋይ ሐይቅ ላይ ለነጩ የሻላ ወፍ ደግሞ በተቃራኒው ጨምሩ። ሳነቴ ከ4,000 ሜትር በላይ ነውና ብርዱ ባትሪ ቶሎ ይጨርሳል፤ ትርፉን ባትሪ በውስጥ ኪሳችሁ፣ ሰውነታችሁ እያሞቀው ያዙት።

ፎቶውን ለሌሎች ስታካፍሉ የእንስሳውን ስም፣ አካባቢውንና ቀኑን ጻፉ፤ የማያውቅ ሰው ይማርበታል። የጎጆና የጉድጓድ ቦታን ግን ደብቁ፤ ስልካችሁ ፎቶው ላይ የሚያስቀምጠውንም የቦታ ምልክት አጥፉ። በተለይ ከጥቅምት ጀምሮ ቀበሮዎች ሲወልዱ አንድ ፎቶ የሚጠራው ሰው ብዙ ነው። ምግብ አትወርውሩ፤ መንገድ ዳር ቆሞ መጠበቅ የለመደ ቀበሮ መኪና ይገጨዋል። ውሻም ይዛችሁ አትሂዱ፤ በሽታ ከውሻ ወደ ቀበሮ ተጋብቶ ብዙዎቹን ፈጅቷል።

ከዓመታት በኋላ ሳነቴ ተመልሼ ነበር። ቀበሮ ከብቶችን ተጠግቶ፣ በእነሱ ተከልሎ እንደሚያድን ሰምቼ ስለነበር እኔም ከእረኛው ጋር ከከብቶቹ አጠገብ ተቀመጥኩ። ሦስት ሰዓት ያህል ቆይቶ አንዱ መጣ። በላሞቹ መካከል አለፈ፣ አደፈጠ፣ ዘለለ፤ ያዘም። አንድም ጊዜ አላየኝም። ፎቶው ላይ ቀበሮው ትንሽ ነው፤ ግማሹንም የላም እግር ይሸፍነዋል። ቤቴ ግድግዳ ላይ የሰቀልኩት ግን እሱን ነው።

በሚቀጥለው ጊዜ ስትመጡ ፎቶውን ብቻ አታሳዩኝ። ጥላችሁት ስትሄዱ እንስሳው ምን እያደረገ እንደነበርም ንገሩኝ።