ሰልፍ በተጣመመ ጊዜ

ሰልፍ ሲጣመም ሥርዐት ይፈርሳልን? ማኅሌት የቆመ ሰው ይህን ያውቀዋል። በክብ ቤተ ክርስቲያን ቅኔ ማኅሌቱ ቅድስቱን ይዞራልና በቀኝና በግራ የቆሙት ሊቃውንት ሰልፋቸው ይጐብጣል። በዓለም ገናም የከተራ ዕለት፥ ጥር 10 ቀን፥ ሕዝቡ ሲገፋ ይብሱን ይጣመማል። መቋሚያው ግን አይጋጭም፤ ኹሉ ትይዩውን ያውቃልና።

በአሜሪካ አራት ጥንድ ሰዎች በአራት ማዕዘን ቆመው፥ አንድ ጠሪ በሚያሰማው ትእዛዝ የሚጫወቱት ዘፈን አለ። (ዘፈንን ከማኅሌት ጋራ ማስተካከሌ አይደለም።) የሠለጠኑት ሰልፉን ሆን ብለው ያጣምሙታል፤ እግራቸው በተጣመመው ቦታ ሳለ ቀጥተኛውን በልባቸው ይዘው ይዞራሉ። ቦታ ይለዋወጣሉ እንጂ አዲስ ቦታ አይረግጡም። ከስምንቱ አንዱ «ጠማማ ነው» ብሎ የራሱን ቦታ ለብቻው ቢያቀና፥ ሰባቱን ያስታል።

ይህ ለጠማማነት መገዛት ነው የሚል ይኖራል። እኔ ግን አይመስለኝም፤ ቀጥተኛውን የማያውቅ ሰው በጠማማው ውስጥ አንዲት እርምጃ እንኳ መሄድ አይችልምና። ጭንቁ ትይዩህ በልቡ ሌላ ሰልፍ የያዘ እንደ ኾነ ነው፤ ያን ጊዜ መቋሚያን አሳርፎ ወደ መሪጌታው መመልከት ይሻላል።