የእንቁጣጣሽ ሥዕል፦ ስጦታ ወይስ ልመና?

መስከረም 1 ቀን ጠዋት ሴቶች ልጆች አበባ፣ ወንዶች ደግሞ ራሳቸው በቀለም የሣሉትን መልአክ ወይም ፀሐይ ይዘው ደጃችንን ያንኳኳሉ። ሥዕሉን ሰጥተው ገንዘብ ይቀበላሉ። «ይህማ ያማረ ልመና ነው» የሚሉ አሉ። እኔም እንደዚያ አስብ ነበር።

አንድ ዓመት ደብረ ታቦር፣ ዘመድ ቤት በዓሉን ሳከብር፣ አንድ ልጅ መልአክ ሥሎ አመጣልኝ። ብር ሰጠሁትና ወረቀቱን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ልጁ ግን አልሄደም።

«ጋሼ፣ አላዩትም እኮ!» አለኝ።

አውጥቼ አየሁት። ፊቱ ክብ፣ ሁለቱ ዓይኖቹ ትልልቅ፤ ጎንደር ከተማ በደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ ሆነው ቁልቁል የሚያዩንን መላእክት ይመስላል። በቀድሞው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ወግ ጻድቅ በሁለት ዓይን፣ ክፉ ግን በጎኑ፣ በአንድ ዓይን ይሣላል። ልጁ ወጉን ጠብቋል።

ለማኝ ባዶ እጁን ይዘረጋል፤ ይህ ልጅ የድካሙን ፍሬ ይዞ መጥቷል። ገንዘቡንም ይፈልጋል፤ አንዋሽ። ሸማኔም ዋጋውን ይቀበላል፤ ጥለቱን ሳያይ ነጠላ የሚገዛ ግን ማን ነው? አንባቢ ሆይ፣ የልጁን ስጦታ ልመና ያደረገው ብሩ አልነበረም፤ የእኔ አለማየት ነበር።