ለወንድም ስለ መተው

ሰው ከባዕድ ጋር ሲፎካከር የሚፈልገውን ያውቃል፤ ገንዘብ ቢሆን ገንዘብ፣ ሹመት ቢሆን ሹመት ነው። ከወንድሙ ጋር ሲፎካከር ግን የሚፈልገው ምን እንደሆነ ብዙ ጊዜ ራሱም አያውቀውም። ይህን የምጽፈው በመጽሐፍ ስላነበብሁት ብቻ ሳይሆን በገዛ ራሴ ላይ ስላየሁት ነው። ጥያቄውም ይህ ነው፤ ሁለት ወንድማማቾች አንዲትን ሴት በአንድ ጊዜ ቢወዱና አንዱ ለሌላው ቢተውለት፣ ይህ መተው በጎ ሥራ ነውን? አብዛኛው ሰው ሳያመነታ አዎን ይላል። እኔም በወጣትነቴ እንዲሁ እል ነበር፤ ከማለትም አልፌ አድርጌዋለሁ።

በ1987 ዓ.ም. ለገና በዓል እኔና ወንድሜ እናታችንን ልንጠይቅ ወደ ደብረ ብርሃን ሄድን። እኔ ከአዲስ አበባ፣ እርሱ ከደሴ ነበር የመጣነው። አባታችን ከሞተ አራት ዓመት ሆኖት ነበር። ወንድሜን በሁለት ዓመት እበልጠዋለሁ። ታናሽ እኅታችን መምህርት ነበረች፤ በዚያም ዓመት አብራት የምታስተምር አንዲት ጓደኛዋን ይዛ መጣች። የልጅቱ ወላጆች የሚኖሩት ጎጃም ስለ ነበረና የዕረፍቱ ቀን ስላልበቃት በዓሉን ከእኛ ጋር እንድታሳልፍ ብላ ነው። ስለ መልክዋ ብዙ አልናገርም፤ ምክንያቱን አንባቢ ወደ ኋላ ያገኘዋል።

ደብረ ብርሃን በታኅሣሥ እንዴት እንደሚበርድ ያደረበት ሰው ያውቀዋል፤ ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ለእናቴ ከአዲስ አበባ አንድ ጥሩ ብርድ ልብስ ገዝቼ መጥቼ ነበር። በሁሉም ፊት ዘርግቼ ሳሳይ ወንድሜ ጠርዙን ገለጥ አድርጎ የተሰፋበትን ምልክት አነበበና፣ «ወንድም ጋሼ፣ ይህ እኮ እዚሁ የእኛ ከተማ ፋብሪካ የተሠራ ነው! በእግር የሚደረስበትን መንገድ በአዲስ አበባ አዞርኸው» አለ። ሁሉም ሳቀ፤ እናቴም ሳቀች፤ እንግዳይቱም በነጠላዋ አፍዋን ሸፍና ሳቀች። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ነገር ግን በዚያች ቅጽበት ዓይኔ የሄደው ወደ እርስዋ አልነበረም፤ መሳቅዋን አይቶ እንደሆነ ለማወቅ ወደ ወንድሜ ነበር። ይህችን ትንሽ ነገር አንባቢ እንዲያስታውስልኝ እለምናለሁ።

ከዚያ በኋላ በቤቱ ውስጥ የማንፎካከርበት ነገር ጠፋ። በዋዜማው ከሰዓት በኋላ እኔ መጥረቢያ ባነሣ እርሱ ከጎረቤት ሌላ መጥረቢያ ተውሶ መጣ፤ ለወር የሚበቃ እንጨት በአንድ ቀን ፈለጥን። እናታችን ወጥታ አየችና «ምነው ልጆቼ፣ ቤቱን ልታቃጥሉት ነውን?» አለች። በበዓሉም ቀን በሜዳ ላይ ገና ሲጫወቱ ገብተን፣ በዚያ ጨዋታ ጌታና ሎሌ እንኳ እንዳይቀያየም የቆየ ልማድ ሳለ፣ እኛ የአንድ እናት ልጆች በበትር ቁርጭምጭሚት ለቁርጭምጭሚት ተማታን።

ዋናው ነገር ግን የተፈጸመው በማዕድ ላይ ነው። ዶሮ አሥራ ሁለት ብልት እንዳለውና ፈረሰኛ የሚባለው ለአባወራው እንደሚወጣ የታወቀ ነው። አባታችን ከሞተ ጀምሮ እናቴ ፈረሰኛውን በየበዓሉ በእኔ በኩል ታደርገው ነበር። በዚያ ቀን ግን ዶሮውን የገዛው ወንድሜ ስለሆነ ይሁን ወይም በሰው ብዛት ዘንግታው ለወንድሜ አወጣችለት። እኔ የሠላሳ ዓመት ሰው ነበርሁ፤ የራሴ ደመወዝና የራሴ ቤት ነበረኝ፤ ሆኖም አንዲት የዶሮ አጥንት አፌ ሳትገባ አነቀችኝ። እንግዳይቱ ከወንድሜ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ይህችን ልጅ እንደምወዳት በፍጹም እርግጠኛ ሆንሁ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ወንድሜን ከጓሮ ወደ ባሕር ዛፉ ሥር ጠርቼ፣ «ይህችን ልጅ እንደወደድኻት አይቻለሁ። እኔም ሐሳብ ነበረኝ፤ ነገር ግን አንተ ታናሼ ነህ፤ ትቼልሃለሁ» አልሁት። ወንድሜ ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሳመ። እናቴም ከእርሱ ሰምታ ስትመርቀኝ፣ «አባትህን መሰልህ» አለችኝ። ይህን ቃል ከአፍዋ ለመስማት አራት ዓመት ስጠብቅ ነበር። በአውቶቡስ ስመለስ ቅዱስ የሆንሁ መሰለኝ፤ ፈረሰኛዬን መልሼ መቀበሌ ግን አልታወቀኝም።

እዚህ ላይ ወደ መጻሕፍት መለስ እንበል። ገድለ አዳም ቃየል በአቤል ላይ የተነሣበትን ምክንያት ሲተርክ መሥዋዕቱን ብቻ አይናገርም፤ መልከ መልካም የነበረችውን የቃየልን መንታ እኅት አቤል እንዲያገባት መታሰቡንም ይጨምራል። እንግዲህ የወንድም ጠብና የሴት ጉዳይ በአንድ ቀን የተወለዱ ያህል ነው። ከዚህ ሁሉ ግን ብዙ ያሳሰበኝ በአንደኛ ነገሥት በ2ኛው ምዕራፍ የተጻፈው የአዶንያስ ታሪክ ነው። አዶንያስ የሰሎሞን ታላቅ ወንድም ነበር፤ ዙፋኑ ካመለጠው በኋላ በቤርሳቤህ በኩል አማላጅ ልኮ አንዲት ነገር ብቻ ለመነ፤ ይኸውም በእርጅናው ዳዊትን ታገለግለው የነበረችውን ሱነማይቱን አቢሳን እንዲድሩለት ነው። ሰሎሞን ይህን በሰማ ጊዜ ታላቅ ወንድሜ ነውና መንግሥቱንም ለምኚለት ብሎ ለእናቱ መለሰላትና በዚያው ቀን አስገደለው። የሰሎሞንን ፍርድ ላመሰግን አይደለም፤ ነገሩን ግን ፈጥኖ ማወቁን መካድ አይቻልም። የሴቲቱ ስም በተጠራ ጊዜ የተጠየቀው ዙፋኑ መሆኑን ተረዳ። ከሁሉም የሚገርመኝ ግን አቢሳ በዚያ ሁሉ ታሪክ ውስጥ አንዲት ቃል አለመናገርዋ ነው። ስለ እርስዋ ሰው ሞተ፤ እርስዋን የጠየቃት ሰው የለም።

ነገሩ የወንዶች ብቻ ነው እንዳይባል ልያና ራሔልን መመልከት ይበቃል። ራሔል የልያ ልጅ ከእርሻ ያመጣውን እንኮይ ብትፈልግ፣ ልያ በለውጡ የያዕቆብን ሌሊት ተቀበለች፤ ምስኪኑ ያዕቆብም ማታ ከሜዳ ሲመለስ መከራየቱን በመንገድ ሰማ። በዚህ ጊዜ ዕቃ የሆነው ባልየው ነው። ኦሪት ዘሌዋውያን በ18ኛው ምዕራፍ ሰው በሚስቱ ላይ በሕይወትዋ ሳለች እኅትዋን ጣውንት አድርጎ እንዳያገባ የሚከለክለው ከዚህ የተነሣ ሳይሆን አይቀርም።

በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1870 እስከ 1937 የኖረው የቪየናው ሐኪም አልፍሬድ አድለር የመጀመሪያ ልጅ ታናሽ ሲወለድበት ከዙፋኑ እንደ ወረደ ንጉሥ ይሆናል ብሎ አስተምሯል። ይህን ትምህርት ለሁሉም ሰው አልመሰክርለትም፤ እኔ ግን በሠላሳ ዓመቴ ከዙፋን ወርጄ አውቃለሁ፤ ዙፋኑም የዶሮ አጥንት ነበረ። ልጆች በወላጆቻቸው ማዕድ ላይ የጀመሩትን ክርክር ቤቱን ለቀው ሲወጡ የጨረሱት ይመስላቸዋል። በዓል ሲመጣ ግን በዚያው መሶብ ዙሪያ፣ በዚያው በልጅነት ቦታቸው ይቀመጣሉ፤ እናትም በዚያው ጭልፋ ታወጣለች። በዚህ መካከል የምትገባ እንግዳ ሴት ሳታውቀው ለአሮጌው ክርክር አዲስ ስም ትሆናለች።

ታዲያ ትቼልሃለሁ ማለቴ ምን ክፋት አለው? ወንድሜን አስደስቷል፤ እናቴን አስደስቷል፤ ጠቡንም አብርዷል። መልሴ ይህ ነው፤ ሰው ሊተው የሚችለው የራሱን ነው። እርሻዬን ለወንድሜ ብተው ትሩፋት ነው፤ በቅሎዬን ብተው ትሩፋት ነው። ልጅቱ ግን የእኔ አልነበረችም፤ ከሰላምታ በቀር ለእኔ የሰጠችኝ ነገር አልነበረም። በዚያው ዓመት ኅዳር 29 ቀን የጸደቀው ሕገ መንግሥት ጋብቻ በሁለቱ ተጋቢዎች ነጻና ሙሉ ፈቃድ ብቻ እንዲመሠረት ያዝዛል፤ እኛ ገናን ያከበርነው ልክ በወሩ፣ ታኅሣሥ 29 ቀን ነው። አዲስ ነገርም አልነበረም፤ ፍትሐ ነገሥትም የሁለቱን ፈቃድ ይሻል፤ የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግም እንዲሁ። እኔ ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። አውቄም በባሕር ዛፍ ሥር ቆሜ የሰውን ልጅ በወንድማማችነት ስም አካፈልሁ።

ደግሞም በዚያ ሰጪነቴ ውስጥ ሌላ ነገር ተደብቆ ነበር። ከዚያች ቀን ጀምሮ ወንድሜ ከልጅቱ ጋር ቢስማማ በእኔ ችሮታ ነው፤ ባይስማማ በእርሱ ጉድለት ነው። በሳቅ አሸንፎኝ ነበር፤ በፈረሰኛ አሸንፎኝ ነበር፤ እኔ ግን መልስ በማይገኝለት በትር መታሁት። ሰው በቸርነት ሲመታ እጁን የሚያነሣበት ቦታ የለውም፤ ጉልበት ከመሳም በቀር።

ወንድሜ እስከ ፋሲካ ድረስ ደብዳቤ ሲጽፍላት ቆይቶ በመጨረሻ እኅታችንን ልኮ አስጠየቃት። እኅታችን በየዋህነትዋ ነገሩ እንዲከብድላት ብላ፣ «ታላቅየው እንኳ ትቶለታል» አለቻት። ልጅቱም ጥቂት ዝም ብላ፣ «መቼ ያዘኝና ነው የተወኝ?» ብላ መለሰችላት። የእምቢታዋ ቃል ይህ ነበር። ለወንድሜ ሲደርሰው ግን ነገሩን በሌላ ተረጐመው፤ እምቢ እንደምትለው አስቀድሜ አውቄ ባዶ እጄን የዘረጋሁለት መሰለው፤ ይህንኑም ጻፈልኝ። አላወቅሁም ነበር። ብምልለትም አላመነኝም፤ በእርሱ ቦታ ብሆን እኔም አላምንም ነበር።

ሦስት ዓመት ያህል ሳንነጋገር ኖርን። እናታችን ገናን ከአንዳችን፣ ጥምቀትን ከሌላችን ጋር ማክበር ጀመረች። በ1990 ዓ.ም. በመጋቢት አረፈች፤ እኛም የታረቅነው በአርባ ቀን ተዝካርዋ ላይ ነው። ሁለታችንን በአንድ ገበታ ያየችበት የመጨረሻው በዓል ያ ገና ሆኖ ቀረ። ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል።

ምናልባት አንባቢ፣ «ታዲያ ሁለት ወንድማማቾች ለአንዲት ሴት ሽማግሌ ይላኩ ልትል ነውን?» ብሎ ይጠይቀኝ ይሆናል። በአገራችን ይህ ነውር መሆኑን አውቃለሁ። አባቶቻችን ታላቁ ሳይዳር ታናሹ አይዳርም ብለው ተራ ማበጀታቸው እንዲህ ያለውን ፍትጊያ ለማራቅ ሊሆን ይችላልና አልንቀውም፤ እርሱም ቢሆን ልጅቱን አይጠይቅም እንጂ። እኔ ማለት የነበረብኝ ቃል ግን አጭር ነበር፤ «እኔም አስቤአታለሁ፤ አንተም አስበሃታል፤ መልሱ የእርስዋ ነው» ማለት። ይህን ለማለት አቅም ባይኖረኝ ደግሞ ዝም ብዬ አውቶቡሴን መሳፈር እችል ነበር። ዝም ብሎ የሚሄድ ሰው የሚተወው ራሱን ነው፤ ማንም አይመርቀውም፤ ጉልበቱንም የሚስም የለም። እውነቱን ለመናገር፣ እርስዋ ከሁለታችን አንዱን ብትመርጥ ኖሮ የቀረው ወንድም በየበዓሉ ማዕድ ላይ የሚውጠው ሐዘን ምን ያህል እንደሚሆን አልክድም። ያ ሐዘን ግን የእውነት ሐዘን ይሆን ነበር፤ ሰው ባልዋለበት ነገር የሚጣላበት ጠብ አይሆንም ነበር።

ስለ መልክዋ ብዙ አልናገርም ብዬ ነበር። ምክንያቱ ጨዋነት አይደለም፤ አለማስታወሴ ነው። የዚያን ሳምንት የወንድሜን ፊት አንድ በአንድ አስታውሳለሁ፤ ሲስቅ፣ ሲፈልጥ፣ ፈረሰኛውን ሲቀበል። የእርስዋን ፊት ለማስታወስ ስሞክር ግን የሚታየኝ አፍዋን የሸፈነችበት ነጠላ ብቻ ነው። ከጎጃም የትኛው አገር እንደ ተወለደችም አልጠየቅኋትም።

እኅቴ እንደ ነገረችኝ አግብታ ወልዳለች፤ ትምህርት ቤትም ታስተዳድራለች። ከወንድሜ ጋር ይቅር ከተባባልን ብዙ ዓመት ሆነን፤ እርስዋን ግን ይቅርታ የጠየቃት የለም። ይህን አስቤ ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ጻፍሁላት። ሁለቱንም ጊዜ ከመላኬ በፊት ተቀምጬ ሳነበው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚያወራው ስለ ወንድሜ ነበር።