ጋዙ ከመብዛቱ በፊት ሚዛኑ ይቅደም

መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል ካሉብ ላይ የአገራችን የመጀመሪያው የተፈጥሮ ጋዝ ማምረቻ ተመረቀ። ጋዙ መኖሩ ከታወቀ ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ ሆኖታል። በዚህ ሁሉ ዘመን መንግሥታት ተፈራርቀዋል፣ ኩባንያዎች መጥተው ሄደዋል፤ ሀብቱ ግን ከመሬት በታች ተቀብሮ ቆየ። አሁን የመጀመሪያው ምዕራፍ በዓመት 111 ሚሊዮን ሊትር ፈሳሽ ጋዝ እንዲያመርት ታቅዷል። በዚያው ዕለትም ጎዴ ላይ፣ ከዚሁ አካባቢ በሚወጣ ጋዝ የሚሠራ ትልቅ የማዳበሪያ ፋብሪካ የመሠረት ድንጋይ ተቀምጧል። በየክረምቱ መግቢያ ማዳበሪያ ደረሰ አልደረሰ እያለ ለሚጨነቅ ገበሬ ይህ ትልቅ የምሥራች ነው። ደስ ሊለን ይገባል።

ደስታው እንዲዘልቅ ግን ጉድጓዶቹ ጥቂት፣ ቧንቧዎቹም አዲስ ሳሉ ልናነሣው የሚገባ ጥያቄ አለ። ከጉድጓዱ፣ ከቧንቧውና ከማጠራቀሚያው የሚያመልጠውን ጋዝ ማን ይለካል? የተለካውንስ ለሕዝብ ማን ይነግራል? ምክሬ አንድ ነው፤ አምራቹ ስለ ራሱ ብቸኛ ምስክር አይሁን። መንግሥት ራሱ ይለካ፣ የለካውንም ይፋ ያድርግ። እኛ ዜጎችም ከመጠየቅ አንቦዝን።

የተፈጥሮ ጋዝ አብዛኛው ክፍሉ ሜቴን ነው። ሜቴን አይታይም፣ በራሱም ሽታ የለውም። ወደየቤቱ የሚሄደው ጋዝ የሚሸተው ሰው እንዲነቃ ተብሎ ሆን ተብሎ ሽታ ስለሚጨመርበት ነው። ሲነድድ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለወጣል። ሳይነድድ አየር ላይ ከወጣ ግን ጉዳቱ ይከፋል፤ በ20 ዓመት ጊዜ ውስጥ ሲሰላ አንድ ቶን ሜቴን ምድርን የማሞቅ ኃይሉ ከአንድ ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ80 ጊዜ በላይ ይበልጣል። ከኢንዱስትሪ አብዮት ወዲህ ምድር ከሞቀችው ሙቀት ወደ ሲሶ የሚጠጋው በእሱ የመጣ ነው። በጎ ጎኑ ዕድሜው አጭር መሆኑ ነው። አየር ላይ የሚቆየው 12 ዓመት ገደማ በመሆኑ ዛሬ ብንገታው ውጤቱን ልጆቻችን ብቻ ሳይሆኑ እኛም እናየዋለን።

ይህ ነገር ለሶማሌ ክልል አርብቶ አደር ሩቅ ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉበት፤ ግመልና ከብት አለቀበት፣ ቤተሰብ ተበተነበት። ጋዙ ከእግሩ ሥር የሚወጣው ይህ ሕዝብ በሚያመልጠው ጋዝ ደግሞ ሰማዩ እንዳይከፋበት መጠበቅ ግዴታችን ነው።

ቁጥጥር ሲዘገይ ምን እንደሚከተል ለማወቅ ካሊፎርኒያን መመልከት ይበቃል። በሎስ አንጀለስ ሰሜናዊ ጫፍ፣ ፖርተር ራንች ከሚባለው ሰፈር በላይ ካለው ተራራ ሥር አሊሶ ካንየን የሚባል ግዙፍ የጋዝ ማከማቻ አለ። ነዳጁ ተቀድቶ ያለቀበት የመሬት ውስጥ ቋት ጋዝ እንዲይዝ የተደረገ ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 23 ቀን 2015 ከጉድጓዶቹ አንዱ ጋዝ ሲያፈስስ ተገኘ። ጉድጓዱ በ1953 ለነዳጅ የተቆፈረ ሲሆን በኋላ ነው ወደ ጋዝ ማከማቻነት የተለወጠው። ከመሬት በታች የነበረው የደኅንነት ቫልቭ በ1979 ወጥቶ አልተተካም፤ ተተክቶ እንዲገባ ያስገደደ ሕግም አልነበረም።

የማከማቻው ባለቤት የሆነው ኩባንያ ጉድጓዱን ለመድፈን ደጋግሞ ሞከረ፣ አልሆነለትም። ነዋሪዎች ራሳቸውን አመማቸው፣ አቅለሸለሻቸው፣ ልጆቻቸውን ነሰራቸው። ከ8,000 በላይ ቤተሰቦች ቤታቸውን ለቅቀው ወጡ፤ ትምህርት ቤቶችም ወደ ሌላ ሰፈር ተዛወሩ። የሚወጣው ጋዝ በዓይን ስለማይታይ የጉዳቱ መጠን የታወቀው በመለኪያ ነው። ስቲቨን ኮንሊ የተባለ ተመራማሪ የመለኪያ መሣሪያ በጫነች ትንሽ አውሮፕላን በአካባቢው ላይ እየተመላለሰ ለካ። ከዚያም ኢንፍራሬድ ካሜራ ከተራራው የሚንቦለቦለውን ጋዝ አሳየ፤ ያን ጊዜ ዓለም ሁሉ አየው። የግዛቲቱ አስተዳዳሪ ጄሪ ብራውን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ያወጁት በጃንዋሪ 2016 ነው። ጉድጓዱ በፌብሩዋሪ እስኪታሸግ ድረስ ወደ 97,000 ቶን ሜቴን አየር ላይ ወጥቷል።

በ2019 ይፋ የሆነው ምርመራ ሥሩን አወጣው። የጉድጓዱ የብረት ሽፋን ከውጭ በኩል፣ ከመሬት ውስጥ ውሃ ጋር በተያያዘ በረቂቅ ተሕዋስያን ምክንያት ዝጎ ነበር። ከዚህ የባሰው ሌላው ግኝት ነው። በዚያው ማከማቻ ቀደም ሲል ከ60 በላይ የጉድጓድ ሽፋን መብሳቶች ተመዝግበው ነበር፤ ነገር ግን ለምን እንደተበሱ ጠልቆ የመረመረ አልነበረም። ኩባንያው በ2021 ከነዋሪዎቹ ጋር እስከ 1.8 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ካሊፎርኒያም ጥብቅ ሕግ አወጣች። ግን ሕጉ የወጣው ሰው ከተፈናቀለና ጋዙ ካመለጠ በኋላ ነው። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል የሚሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

አሊሶ ካንየን በትልቅነቱ ታየ። ብዙው ጉዳት ግን የሚመጣው ከማይታዩት ነው፤ ካልጠበቀ ብሎን፣ ካልተዘጋ ክዳን፣ ካረጀ መጭመቂያ። እ.ኤ.አ. በ2018 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት የአሜሪካን የነዳጅና የጋዝ ኢንዱስትሪ መሬት ላይና አየር ላይ እየለካ መረመረ። የሚያመልጠው ሜቴን ከጠቅላላው የጋዝ ምርት 2.3 በመቶ ያህል መሆኑን አገኘ። ይህም የአሜሪካ መንግሥት በስሌት ደርሶበት ከነበረው አኃዝ በ60 በመቶ ገደማ ይበልጣል። ያን ያህል ባለሙያና ገንዘብ ባለው አገር ወረቀቱና አየሩ ይህን ያህል ከተለያዩ፣ እኛ ዘንድ ወረቀቱን ብቻ አምነን እንዴት እንተኛለን?

በየገበያው የእህል ነጋዴ ሚዛን በተቆጣጣሪ ይፈተሻል። ይህ የሚሆነው ነጋዴው ሁሉ ሌባ ስለሆነ አይደለም፤ በገዛ ሚዛኑ ላይ ማንም ሰው ብቻውን ዳኛ ሊሆን ስለማይገባው ነው። ፍተሻው ታማኙንም ነጋዴ ይጠብቀዋል፤ ገዢ ያምነዋልና። የጋዝ ኩባንያም እንደዚሁ ነው። መለካቱ ጥርጣሬ ወይም ጠላትነት አይደለም፣ ሥርዓት ነው።

ሥርዓቱን ከዜሮ መፍጠር አይጠበቅብንም። ኖርዌይ የነዳጅ ሥራዋን ከጀመረች አንስቶ፣ ለደኅንነት ካልሆነ በቀር ጋዝን እያቃጠሉ መጣል ከልክላለች፤ እ.ኤ.አ. በ1991 ደግሞ ታክስ ጨመረችበት። ናይጄሪያ በ2022 ኩባንያዎች የሚያመልጥ ሜቴንን እየፈለጉ እንዲጠግኑ የሚያዝ መመሪያ በአፍሪካ ቀድማ አወጣች። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 በሥራ ላይ ያዋለው ደንብ ኩባንያዎች በየምንጩ እንዲለኩ፣ የተገኘውን ሽንቁር በቀናት ውስጥ እንዲጠግኑና ሪፖርታቸውን ገለልተኛ አጣሪ እንዲያረጋግጠው ያዝዛል። ከውጭ ለሚገባ ጋዝም ተመሳሳይ ልኬት መጠየቁ ስለማይቀር ነገ ከአገር ውጭ መሸጥ የሚፈልግ አምራች ዛሬ መለካት ቢጀምር ይጠቀማል።

የአሜሪካ ታሪክ ደግሞ ሌላ ነገር ያስተምራል። በ2022 ምክር ቤቱ ከተፈቀደው መጠን በላይ ሜቴን በሚለቁ ኩባንያዎች ላይ ክፍያ ጣለ። በ2025 ግን የዚሁ ክፍያ መጀመሪያ ወደ 2034 እንዲገፋ ተደረገ። ሕግ አንድ ጊዜ ወጣ ተብሎ የሚተው ነገር አይደለም። የሚጠብቀው ሕዝብ ካላገኘ ያወጣው እጅ ራሱ መልሶ ያጥፈዋል።

እኛ ድሆች ነን፣ የምንለቀውም ጥቂት ነው፣ መጀመሪያ ሀብታሞቹ ያስተካክሉ የሚል ወገን አለ። የፍትሕ ጥያቄው እውነት ነው፤ ምድርን በዋናነት ያሞቅናት እኛ አይደለንም። ይሁን እንጂ የሚያመልጠው ጋዝ የራሳችን ሀብት ነው። ካሉብ ላይ ያፈተለከ ሜቴን ማዳበሪያ የማይሆን፣ መብራት የማይሆን፣ የውጭ ምንዛሪም የማያስገኝ ሜቴን ነው። በዘይትና ጋዝ ሥራ ከሚያመልጠው ሜቴን ቀላል የማይባለውን ድርሻ ያን ያህል ወጪ ሳይኖር መያዝ እንደሚቻል፣ የተያዘው ጋዝ ተሸጦ ወጪውን እንደሚመልስ ዓለም አቀፉ የኢነርጂ ኤጀንሲ ደጋግሞ ገልጿል። ድሃ አገር የተቀደደ ጆንያ የመሸከም አቅም የላትም።

እንግዲህ ምክሬን ለየባለድርሻው ላቅርብ።

በመንግሥት ሥልጣን ላይ ያላችሁ ሆይ፣ የሜቴን ልኬትን የፈቃድ ግዴታ አድርጉት። በየተወሰነ ጊዜ ጋዝ የሚያመልጥበት ሽንቁር ይፈለግ፣ የተገኘው በተቆረጠ ቀን ይጠገን፣ ያልጠገነም ይቀጣ። ጋዝን ሳያቃጥሉ መልቀቅም ሆነ በዘፈቀደ ማቃጠል ከአደጋ ጊዜ በቀር ይከልከል። ፈሳሽ ጋዝ ከዜሮ በታች ወደ 162 ዲግሪ ቀዝቅዞ የሚያዝ ነገር ነውና ትንሽ ሲሞቅ እየተነነ ይወጣል፤ ማጠራቀሚያውና በመንገድ የሚያጓጉዘው ቦቴ ከቁጥጥሩ ውጭ አይሁኑ። ከሁሉ በላይ፣ ምርቱን እንዲያሳድግ የታዘዘው መሥሪያ ቤትና ብክለቱን እንዲቆጣጠር የታዘዘው መሥሪያ ቤት አንድ አይሁኑ። ተቆጣጣሪው የራሱ በጀት፣ የራሱ መሣሪያ፣ ሳያስታውቅ የመግባትም መብት ይኑረው።

በሥራው ላይ ያላችሁ መሐንዲሶችና ቴክኒሻኖች፣ የመጀመሪያው ምስክር እናንተ ናችሁ። ያያችሁትን ጻፉ፣ የጻፋችሁትንም አትሰርዙ። አሊሶ ካንየን ላይ ከ60 በላይ ማስጠንቀቂያ በመዝገብ ነበር፤ የጎደለው ለምን ብሎ የሚጠይቅ ባለሙያና የሚሰማው አለቃ ነበር። አለቆችም የነገራችሁን ሠራተኛ አመስግኑት እንጂ አታሸማቅቁት።

የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ጋዜጠኞች፣ መረጃው እንደ ቀድሞው በኩባንያ ካዝና ብቻ የተዘጋ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 በአውሮፓውያን የመጠቀው ትሮፖሚ የተባለው የሳተላይት መሣሪያ የዓለምን ሜቴን በየቀኑ ይቃኛል፤ መረጃውም ለሁሉም ክፍት ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራምም ትልልቅ ልቀቶችን በሳተላይት እያየ ለመንግሥታት የሚያሳውቅበት ሥርዓት አለው። ይህን ማንበብ የሚችል ወጣት አሠልጥኑ፤ ያነበባችሁትንም በአማርኛም በሶማልኛም ንገሩን።

በአካባቢው የምትኖሩ ወገኖች፣ መብታችሁን እወቁ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢ የማግኘት መብት ይሰጣል፤ አንቀጽ 92 ደግሞ በሚነካችሁ ፕሮጀክት ላይ ሐሳባችሁን የመስጠት መብታችሁን ያረጋግጣል። በአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 መሠረት ማንኛውም ሰው፣ ጉዳቱ በግሉ እንደደረሰበት ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ አካባቢን የሚበክልን ለአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን መክሰስ ይችላል። በሠላሳ ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ ወደ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ይህ ትልቅ መብት ነው፤ ያልተጠቀሙበት መብት ግን ከወረቀት አያልፍም። የሀገር ሽማግሌዎች፣ ኡጋዞችና የሃይማኖት አባቶች ይህን ለሕዝቡ በገዛ ቋንቋው እንዲያስረዱ እለምናለሁ።

በውጭ አገር ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ በተለይ በካሊፎርኒያ፣ በቴክሳስና በኮሎራዶ የምትኖሩ፣ በዚህ ጉዳይ እኛን ትቀድሙናላችሁ። ኮሎራዶ እ.ኤ.አ. በ2014 ከአሜሪካ ግዛቶች ሁሉ ቀድማ በነዳጅና በጋዝ ሥራ ላይ የሜቴን ደንብ ያወጣች ናት። ደንብ ሊወጣ ሲል ሕዝብ አስተያየት የሚሰጥበት መድረክ ይከፈታል፤ ስደተኛ ነኝ ብላችሁ ወደኋላ አትበሉ፣ የምትተነፍሱት አየር ነውና ተገኙ፣ ተናገሩ፣ ምረጡ። በዘርፉ የምትሠሩ ደግሞ እውቀታችሁን ወደ አገር ቤት አድርሱ፤ አንድ የሠለጠነ ተቆጣጣሪ ብዙ ጉድጓድ ያድናል።

ለሁላችንም የሚሆን ሥራ ደግሞ አለ። የሕዝብ እንደራሴዎች የማዕድን ዘርፉን ሪፖርት በሚያዳምጡበት ጊዜ፣ ስንት ሊትር ተመረተ ከሚለው ቀጥሎ ሦስት ጥያቄዎች ይጠየቁ። ባለፈው ዓመት ስንት ጋዝ አመለጠ? ከኩባንያው ሌላ ማን ለካው? መዝገቡን ማንም ዜጋ የት ያገኘዋል? እንደራሴህን የምታውቅ ጻፍለት፤ የማታውቅም ማን እንደሆነ ጠይቀህ ጻፍለት። መልሱ በቁጥር፣ በስምና በቀን እስኪመጣ ድረስ በየዓመቱ እንጠይቅ፤ ጠያቂ እንዳለ ያወቀ አምራች ብሎኑን ያጠብቃል፣ ጠያቂ እንዳለ ያወቀ ባለሥልጣንም መለኪያውን ይዞ ይወጣል።