የወታደሩ የክርስትና ስም
በጦር ሜዳ ስለ ወደቁት የሚደረግ ጸሎትና መታሰቢያ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በአዲስ አበባ ደቡባዊ ክፍል፣ በጎፋ፣ በመካኒሳ፣ በላፍቶና በለቡ አጥቢያዎች የሚያገለግል ካህን ከሚያጋጥሙት ሥራዎች አንዱና ከባዱ አስከሬኑ ለሌለ ወታደር ፍትሐት ማድረስ ነው። ልጁ ከቤቱ የወጣው በእግሩ ነበረ፤ የተመለሰው ግን ስሙ ብቻ ነው። እናቲቱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ትቆማለች። ካህኑም ጽናውን ከማንሣቱ አስቀድሞ፣ «እናቴ፣ የልጅዎ የክርስትና ስም ማን ነበር?» ብሎ ይጠይቃል። እናት ካለች ትናገራለች። እናት የሞተች እንደ ሆነ፣ ወይም ልጁ ከሩቅ አገር መጥቶ በከተማው ተከራይቶ ይኖር የነበረ እንደ ሆነ ግን መልስ የሚሰጥ ሰው አይገኝም። የጦር ክፍሉ መዝገብ የሚያውቀው ማዕርጉን፣ የዓለም ስሙንና የአባቱን ስም ነው፤ በ40 ቀኑ ከማየ ጥምቀት ሲወጣ የተሰጠውን ስም አያውቅም።

ነገሩ ቀላል ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ቀላል አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ስለ ሙታን በምትጸልይበት ጊዜ የምታስበው ብዛትን ሳይሆን ነፍስን ነውና። መልካሙ እረኛ በጎቹን በየስማቸው እንደሚጠራ ጌታችን በወንጌል አስተምሮናል። ደቀ መዛሙርቱም ደስ ሊላቸው የሚገባው አጋንንት ስለ ተገዙላቸው ሳይሆን ስማቸው በሰማያት ስለ ተጻፈ እንደ ሆነ ነግሮአቸዋል። እንግዲህ በዐደባባይ «ስለ ጀግኖቻችን» ብሎ በጅምላ መናገር ለአገር ክብር ይበቃ ይሆናል፤ ለካህን ግን አይበቃውም። ካህን የሚያቀርበው ንግግር ሳይሆን ጸሎት ነው፤ ጸሎትም ስም ይሻል።

ይህ ሥርዓት ከጥንት የነበረ መሆኑን ከቅዱሳት መጻሕፍት እንረዳለን። ሳኦልና ልጆቹ በጌልቦዓ ተራራ በወደቁ ጊዜ ፍልስጥኤማውያን ሥጋቸውን በቤትሳን ቅጥር ላይ አንጠልጥለውት ነበረ። የኢያቢስ ገለዓድ ሰዎች ይህን ሰምተው ሌሊቱን ሁሉ ተጓዙ፤ ሥጋቸውን ከቅጥሩ አወረዱ፤ ዐጥንታቸውን ቀብረው 7 ቀን ጾሙ። ዳዊትም ይህን ቸርነታቸውን በሰማ ጊዜ መረቃቸው። ከብዙ ዘመን በኋላም ራሱ ሄዶ የሳኦልንና የዮናታንን ዐጥንት ከዚያ አምጥቶ በሳኦል አባት በቂስ መቃብር አስቀበረ። ልብ እናድርግ፤ ሳኦል ዳዊትን ሊገድለው በየምድረ በዳው ያሳደደው ሰው ነበረ። ዳዊት ግን በሙት ላይ ቂም አልያዘም።

ደግሞም በሁለተኛው መጽሐፈ ሳሙኤል በ23ኛው ምዕራፍ የዳዊት ኃያላን ስም ተዘርዝሮ እናገኛለን፤ ቊጥራቸውም 37 ነው። የዝርዝሩ የመጨረሻ ስም የኬጢያዊው የኦርዮ ነው። ኦርዮ በጦር ግንባር የሞተው በንጉሡ ኃጢአት ምክንያት ነበረ፤ ስሙ ግን አልተፋቀም። ስለዚህ የወደቁትን የሚያስብ ሰው የሚያሳፍረውን ስም እየዘለለ የሚያስከብረውን ብቻ አያነብም።

ወደ አገራችንም ብንመለስ፣ በነገሥታቱ ዘመን ጦር ሲዘምት ታቦትና ካህናት አብረው ይዘምቱ እንደ ነበረ የታወቀ ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ. ም. በዓድዋ ጦርነት ዕለት፣ ዕለቱ እሑድና የቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል ስለ ነበረ፣ ዳግማዊ ምኒልክ በማለዳ በጸሎት ላይ ነበሩ፤ አቡነ ማቴዎስም ከሠራዊቱ ጋር ነበሩ። ካህኑ በዚያ የተገኘው ጦር ለመምዘዝ ሳይሆን ለመናዘዝ፣ ለማቍረብና የወደቀውን ለመፍታት ነበረ። እንዲሁም በ1943 ዓ. ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃና ተከትለውት የሄዱት ወታደሮች ከ120 በላይ ወንድሞቻቸውን በሞት ሲያጡ፣ አንድ ስንኳ በጠላት እጅ የተማረከ እንዳልነበረባቸው ይነገርላቸዋል። የሟቾቹም ዐፅም በዚያ ሩቅ አገር አልቀረም፤ ወደ አገሩ ተመልሶአል። የኢያቢስ ገለዓድ ሰዎች ሥራ ማለት ይህ ነው።

ዛሬስ? በ1987 ዓ. ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን ይደነግጋል። በአንድ የጦር ክፍል ውስጥም ኦርቶዶክሳዊው፣ እስላሙና ፕሮቴስታንቱ ጐን ለጐን ይቆማሉ፤ ጐን ለጐንም ይወድቃሉ። የጋራው ክብር ለሁሉም የሚገባ ነው፤ ጸሎቱን ግን ለየራሱ የሚያደርስለት የየሃይማኖቱ አባት ነው። ስለዚህ የወታደሩ ፍትሐት ሸክም በንስሐ አባቱና በአጥቢያው ካህን ጫንቃ ላይ ያርፋል። ይህን ሸክም ለተሸከሙ አባቶች የሚከተለውን ማሳሰብ እንወዳለን።

አንደኛ፣ ዝግጅቱ ከሞት በፊት ይጀመር። የንስሐ ልጁ ለውትድርና ሲሰናበት ካህኑ ይናዝዘው፤ ያቍርበው፤ የክርስትና ስሙንም ከዓለም ስሙ ጋር አስተባብሮ በመዝገብ ይጻፈው። ለቤተ ሰቡም ጽፎ ይስጥ። ይህ የአንድ ደቂቃ ሥራ ከብዙ ዓመት ጸጸት ያድናል።

ሁለተኛ፣ ወሬው ያልተረጋገጠ እንደ ሆነ ለፍትሐት አይቸኰል። የጠፋው ሁሉ አልሞተም። እርግጡ እስኪታወቅ ድረስ ስሙ በመከራ ካሉትና በመንገድ ካሉት ጋር በምልጃ ይነሣ። እርግጡ ሲታወቅ ግን መርዶው በስልክ ወይም በመንገድ ላይ አይነገር፤ ካህኑና የሰፈሩ ሽማግሌዎች በማለዳ ወደ ቤቱ ሄደው ያርዱ።

ሦስተኛ፣ አስከሬን የለም ተብሎ ሥርዓቱ አይጕደል። በሣልስት፣ በሰባት፣ በአሥራ ሁለት፣ በሠላሳ፣ በአርባ፣ በሰማንያ፣ በመንፈቅና በሙት ዓመት የሚደረገው ጸሎት በስሙ ይደረግ። የሞተበት ቀን ያልታወቀ እንደ ሆነ መርዶው ከተሰማበት ቀን ጀምሮ ይቈጠር ዘንድ ካህኑ ከቤተ ሰቡ ጋር ይወስን።

አራተኛ፣ የብዙዎች መታሰቢያ በአንድነት ሲደረግ ስሞቹ አንድ በአንድ፣ ሳይጣደፉ ይነበቡ። ሃምሳ ስም ቢሆን ሃምሳውም ይነበብ። በዚያ ከቆሙት መካከል አንዲት እናት የምትጠብቀው አንዱን ስም ብቻ ነውና። የአበባው ጕንጕን፣ ሰልፉና መለከቱ ከጸሎቱ በኋላ በቦታቸው ይሁኑ እንጂ ጸሎቱን አያቋርጡት። ስብከቱም አጭር ይሁን።

አምስተኛ፣ ተዝካሩ ቤተ ሰቡን ለዕዳ የሚዳርግ አይሁን። ልጅዋን የሰጠች እናት ለድግስ ስትል ደግሞ ቤትዋን ማጣት የለባትም። ዕድሩና ሰንበቴው ይርዱአት፤ የሚዘጋጀውም ጥቂት ቢሆን እንኳ ለነዳያን ይድረስ።

ስድስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። ከ2013 ዓ. ም. ጀምሮ በሰሜኑ የአገራችን ክፍል በተደረገው ጦርነት፣ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ. ም. በፕሪቶርያ ስምምነት እስኪፈረም ድረስ፣ በአንድ ማየ ጥምቀት የተጠመቁ፣ በአንድ ሥጋና ደም የታተሙ ወጣቶች በሁለት ወገን ተሰልፈው ወድቀዋል። በዚህ ወገን ወልደ ሚካኤል ነበረ፤ በዚያም ወገን ወልደ ሚካኤል ነበረ። የጦር መዝገብ ሁለቱን ይለያቸዋል፤ የክርስትና ስም ግን አይለያቸውም። በላፍቶ የቆመ ካህን የራሱን አጥቢያ ልጅ ስም ሲያነሣ በልቡ የዚያኛውን እናት ካላሰበ፣ የዳዊትን መዝሙር እየደገመ የዳዊትን ልብ አልያዘም ማለት ነው። ስለ ወገን መጸለይ ተፈጥሮአዊ ፍቅር ነው፤ ባንጻሩ ቆሞ ስለ ወደቀውም መጸለይ ግን የክርስቶስ ትእዛዝ ነው።

አንባቢ ሆይ! ነፋስ ስልክ የሚለው የሰፈሩ ስም ቀድሞ ያለ ሽቦ በአየር መልእክት ለሚተላለፍበት መሣሪያ የተሰጠ የአማርኛ ስያሜ ነበረ። ሽቦው ሳይታይ ቃል ከሩቅ ይደርስ እንደ ነበረ፣ አስከሬኑ ሳይኖር በስሙ የተደረገውም ጸሎት ወደ እግዚአብሔር ይደርሳል። ስለዚህ ዛሬ ወደ ቤትህ በገባህ ጊዜ ለውትድርና የሄደ ልጅ፣ ወንድም ወይም ጎረቤት ያለህ እንደ ሆነ የክርስትና ስሙን ጠይቀህ ጻፈው። በሕይወት ሳለ ስለ ደኅንነቱ በዚያ ስም ጸልይለት። እግዚአብሔር በሰላም ቢመልሰው ደስታ ነው፤ ባይመለስም ካህኑ በደጀ ሰላም ቆሞ ሲጠይቅ መልስ አይጠፋም።

የወደቁትን ሁሉ ነፍስ በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን፤ ለቀሩትም መጽናናትን፣ ለአገራችንም ሰላምን ይስጥልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።